ፈቃድ ያገኘ ቁማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በተለይም በየዩኒቨርሲቲው የምትማሩ እኅቶቼና ወንድሞቼ፤ በልማድ «ቤቲንግ» ስለምንለው ስለ ስፖርት ውርርድ እንድንነጋገር እወድዳለሁ። በየመኝታ ክፍላችን፣ በየዲኤስቲቪ ቤቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከጉባኤ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ሳይቀር አንድ ክርክር ይነሣል፤ መንግሥት ውርርድን በመላ ሀገሪቱ በሕግ ፈቅዶ፣ ግብሩን እየሰበሰበ ይቆጣጠረው ወይስ ይከልክለው? «ኃጢአት ነውና ይከልከል» የሚል ወገን አለ፤ «ሰው በገዛ ገንዘቡ ቢጫወት ማንን ጎዳ?» የሚልም አለ። እኔ የደረስሁበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ውርርድ እንደ ዳቦ ቤትና እንደ ልብስ ስፌት ፈቃድ የሚሰጠው ንግድ ሊሆን አይገባም ባይ ነኝ። የሕጉ ክንድ ግን ሊያርፍ የሚገባው በሚወራረደው ወጣት ላይ ሳይሆን በጋባዡ ላይ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል በትዕግሥት ተከታተሉኝ።

ነገሩ በሀገራችን ከባዶ አልተነሣም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ዕጣ መሸጥ በመንግሥት እጅ የሚከናወን ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ለስፖርት ውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ የሰጠውም ይኸው ተቋም ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በዕድል ሙከራ የሚገኝ ገንዘብ ከ1,000 ብር ካለፈ 15 በመቶ ግብር እንዲከፈልበት ደንግጓል። በአጭር ዓመታት ውስጥ የውርርድ ቤቶች ከከተማ ዋና ጎዳናዎች እስከ ገጠር ከተሞች አውቶቡስ መናኸሪያ ደረሱ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙዎቹ በከተማው አስተዳደር ሲታሸጉ ደስ ያላቸው ወላጆች ጥቂት አልነበሩም። ይሁን እንጂ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ ማንቀሳቀስ የዕለት ተዕለት ኑሯችን ሆኗልና፣ የሚታሸገው በር የብረት በር ብቻ ሆኖ ቀረ። ዋናው በር በየኪሳችን አለ። ስለዚህ «ተከልክሏል» ስንልም «ተፈቅዷል» ስንልም ስለ የትኛው በር እንደምንናገር ልብ ማለት ይገባናል።

በየውርርድ ቤቱ በር ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዳይወራረድ የሚከለክል ማሳሰቢያ ተለጥፎ አይታችሁ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ጊዜ በየክፍላችሁ ያሉትን ተማሪዎች ዕድሜ ቁጠሩ። የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በአብዛኛው 21 ዓመት አልሞላውም። በዚያ ማሳሰቢያ መሠረት ከግቢያችን ግማሽ ያህሉ በሩን መርገጥ እንኳ አልነበረበትም። የሆነው ግን ሌላ ነው። በኖን ካፌ የሚመገብ ተማሪ የወሩን የምግብ ገንዘብ በተቀበለ ማግስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ጨዋታዎች ከመጀመራቸው በፊት ትኬት ቆርጦ ይቀመጣል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ቆሞ ልቡ የሚያሰላው የማታውን ጨዋታ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ከዶርም ጓደኞቹ ይበደራል፤ በአራተኛው ቤተሰቡን «መጽሐፍ ልገዛ ነው» ብሎ ይደውላል። ስልኩን የምታነሣው እናት ጠላ ጠምቃ፣ ወይም ጤፏን ከገበያው ቀን በፊት በርካሽ ሸጣ ትልክለታለች። ይህን የምጽፈው አንድን ሰው አስቤ አይደለም፤ በግቢ የኖረ ሁሉ ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱን በስም ያውቃቸዋል። «በገዛ ገንዘቡ ቢጫወት ማንን ጎዳ?» ለሚለው ወገን መልሴ ይህ ነው፤ አብዛኛው ገንዘብ የገዛ ገንዘቡ አይደለም።

ከወንድሞቻችን አንዳንዶቹ ደግሞ መጽሐፍ ጠቅሰው ይከራከራሉ። «ሐዋርያትስ ማትያስን በዕጣ አልመረጡምን?» ይላሉ (ሐዋ. 1፥26)። አያቶቻችንም በዕቁብ ዕጣ ያወጣሉ፤ ታዲያ ዕጣ በራሱ ምን ኃጢአት አለበት? ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም ዕቁቡ ውስጥ አለ። በዕቁብ ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ይጥላሉ፤ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ ማን ዘግይቶ እንደሚወስድ ብቻ ነው። ሃያው ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም የጣለውን አግኝቷል፤ አንዱም በሌላው ኪሳራ አልከበረም። እንዲያውም የታመመ ወይም ልጁን የሚድር ሰው ካለ ዳኛው አስፈቅዶ ተራውን ያስቀድምለታል። ሐዋርያትም ጸልየው ዕጣ ሲጥሉ ለአገልግሎት የሚመረጠውን ለእግዚአብሔር መተዋቸው ነበር። ከጌታችን መስቀል በታች የነበሩት ጭፍሮች ግን ዕጣ የጣሉት የሌላውን ልብስ ለመውሰድ ነው (ዮሐ. 19፥24)። ዕጣ አንድ ቃል ሆኖ ሳለ እነዚህ ሦስቱ አንድ ሥራ አይደሉም። ውርርድ የሚመስለው የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ተማሪዎች ነንና አይከብደንም።

በአንድ ጨዋታ ከሁለት ተኩል በላይ ወይም በታች ጎል ይቆጠራል በሚል ለሁለቱም ወገን 1.85 ኦድ ቀርቧል እንበል፤ ዕድሉም እኩል ነው እንበል። አንተ 100 ብር በአንዱ፣ ጓደኛህ 100 ብር በሌላው አስይዛችኋል። ለድርጅቱ 200 ብር ገባ። ጨዋታው ሲያልቅ ከሁለታችሁ አንዱ 185 ብር ይወስዳል፤ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል፤ 15 ብር ግን ኳሱን እንኳ ሳያይ ለድርጅቱ ቀርቷል። ይህ የአንድ ጨዋታ ነው። ልጆቻችን ግን የሚወዱት ዐሥር ጨዋታ የተደረደረበትን ትኬት ነው፤ በ10 ብር ብዙ ሺህ ያስገኛልና። ዐሥሩንም የማግኘት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። 1.85 ዐሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ 470 ያህል ስለሚሆን፣ 10 ብር ያስያዘ አሸናፊ 4,700 ብር ያህል ያገኛል። አሁን 1,024 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው የተለያየ ግምት ይዘው 10 ብር ከፈሉ እንበል፤ 10,240 ብር ተሰበሰበ ማለት ነው። አንዱ 4,700 ብር ይወስዳል፤ ከዚያም ላይ በጠቀስሁት አዋጅ ልክ 705 ብር ለመንግሥት ይቆረጥበታል። የቀረው 5,540 ብር የድርጅቱ ነው። 1,023ቱ ተማሪዎች ደግሞ «አንዲት ጨዋታ በላችኝ» እያሉ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘጋጃሉ። ያቺ «አንዲት ጨዋታ» ናት ሰውን የምትይዘው፤ ዘጠኝ ማግኘት ወደ ዐሥር የቀረበ ይመስላል፤ ክፍያው ግን ዜሮ ካገኘው ሰው ጋር እኩል ነው። «እኔ ኳስ ስለማውቅ ነው የምወራረደው» የሚል ወንድም ካለም፣ ኦዱን ያወጡት ሰዎች ከእርሱ የበለጠ ኳስ እንደሚያውቁ፣ ካላወቁም ከእያንዳንዱ ትኬት ላይ አስቀድመው ድርሻቸውን እንዳነሡ ይገንዘብ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስንመለስ፣ በሐዋርያት ስም የተጻፈው ቀኖና ቁማርን ከስካር ጋር አያይዞ ይጠቅሰዋል፤ ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ቢሆን ይተው፣ ባይተው ከሹመቱ ይሻር ይላል፤ ምእመናንም እንዲሁ እንዲተዉ ያዝዛል። ዲያቆን በስም ተጠርቷልና ይህን ሳነብ ትእዛዙ ከሁሉ በፊት ለእኔ እንደ ሆነ ይሰማኛል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ በአንጾኪያ ሳለ ባስተማረው ትምህርት፣ ዳይስ የምንለውን የቁማር ጠጠር መጣል ብዙዎች እንደ ቀላል ጨዋታ እንደሚያዩት ካነሣ በኋላ፣ ስድብን፣ ኪሳራንና ጠብን የሚያመጣው ይህ «ቀላል» ነገር ስለ ሆነ ከኃጢአቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ኃጢአት ከሚያደርሰውም መንገድ እንድንርቅ መክሯል። ቅዱስ ጳውሎስም የሰረቀ ሰው ከእንግዲህ በገዛ እጁ እንዲሠራ ሲያዝዝ፣ ምክንያቱን ለተቸገረው የሚያካፍለው እንዲኖረው መሆኑን ጨምሮ ነው (ኤፌ. 4፥28)። ገንዘብ በክርስትና ከድካም ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ችግረኛ የሚሄድ ነገር ነው። ውርርድ ግን ከችግረኛው ኪስ ይጀምራል።

ፈቃድ የሚያመጣው ትልቁ ጉዳት የሚታየኝም እዚህ ላይ ነው። ቁማር ተሰውሮ ሲካሄድ የገባበት ሰው ቢያንስ ስሙን ያውቀዋል፤ ያፍርበታልም። ንግድ ፈቃድ ተሰቅሎለት፣ ግብር ከፍሎ፣ በሬዲዮ ስፖርት ዝግጅት መካከል «ዛሬ ዕድልዎን ይሞክሩ» ሲባልለት ግን ስሙን ያጣል። ወደ ንስሐ አባቱ የሚሄድ ወጣት ውሸቱን፣ ቁጣውን፣ ጾም መሻሩን ይናዘዛል፤ ቤቲንጉ ግን ኃጢአት መሆኑ ትዝ አይለውም። ከዚህም ያለፈ አለ። ትኬቱን ቆርጦ በቅዱሱ ሥዕል ፊት ቆሞ፣ «ይህቺ ከገባችልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብሎ የሚሳል ወንድም እንዳለ የማያውቅ ማን አለ? ስንሰማ ፈገግ ያሰኘን ይሆናል፤ ነገር ግን 1,023 ሰው ተሸንፎ የተገኘ ገንዘብ በስለት ስም ወደ መቅደሱ እንዲገባ ቅዱሳንን ማማለድ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደ ሆነ አስቡት። ኦሪት የማይገባ ዋጋ ስለ ስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይመጣ የከለከለችው በከንቱ አይደለም (ዘዳ. 23፥18)።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሣ፤ ለሕንፃ ማሠሪያ እያልን በየአጥቢያው የምንሸጠው ቶምቦላስ? በእርግጥ ገዢው ገንዘቡን የሚሰጠው በአብዛኛው ለቤተ ክርስቲያን ብሎ ነው፤ ዕጣው ባይወጣለትም አይቆጭም፤ እንደ ውርርድም በየቀኑ አይጠራውም። ሁለቱን እኩል ማድረግ ፍትሕ አይሆንም። ሆኖም ልጆቻችንን «ዕድልህን ሞክር» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ከእኛ ድምፅ ማጉያ ባይሰሙት እመርጣለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤቶች በመዝሙር፣ በእጅ ሥራና በባዛር ገንዘብ የማሰባሰብ ልምድ አላቸው፤ ያው ይበቃናል።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። ይፈቀድ የሚሉት ወገኖች የሚያቀርቡት ምክንያት ሁሉ ባዶ አይደለም። ግብር ይገኛል ይላሉ፤ ይገኛል። ሥራ ይፈጥራል ይላሉ፤ ትኬት የሚቆርጡ ወጣቶች ደመወዝ ያገኙበታል፤ ነገር ግን ይህ ደመወዝ ከጎረቤታቸው ልጅ የምግብ ገንዘብ የተቆረጠ ስለ ሆነ ለሀገር የተጨመረ ሀብት አይደለም። ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ «ብትከለክሉትም ሰው መወራረዱን አይተውም፤ በድብቅና ከውጭ ሀገር በሚሠሩ ድረ ገጾች ይጫወታል፤ ያኔ ከለላ የሚሆነው ሕግ እንኳ አይኖርም» ይላሉ። ይህን የሚሉት ሁሉ የቁማር ወዳጆች አይደሉም፤ እውነት አላቸውና ልንሰማቸው ይገባል። የታሸገ ቤት ያለው ከተማ ውርርድ የሌለበት ከተማ እንዳልሆነ አይተናል።

ከእኛ ቀድመው የፈቀዱትን ደግሞ እንመልከት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ ለውርርድ በሩን በሰፊው ከፍታ ነበር። በ2020 በክሬዲት ካርድ መወራረድን ከለከለች፤ የፕሪምየር ሊግ ክለቦችም በ2023 ከማሊያቸው ፊት የውርርድ ድርጅቶችን ስም ለማንሣት ተስማሙ። ያን ማሊያ ለብሰን በየሰፈሩ የምንሄደው እኛ ነን፤ አንድ ሳንቲም ሳይከፈለን ስንት ዓመት ማስታወቂያ ሠርተንላቸዋል። ጣልያን በ2018 የውርርድ ማስታወቂያን በሕግ ከለከለች። ጎረቤታችን ኬንያ፣ የሞባይል ገንዘብ ከእኛ ብዙ ቀድሞ የተስፋፋባት ሀገር፣ በ2019 ከታላላቆቹ የውርርድ ድርጅቶች ጋር በግብር ምክንያት ተጋጭታ የብዙዎቹን ፈቃድ ሳታድስ ቀርታ ነበር። በዚያው ዓመት የኡጋንዳ ፕሬዚዳንት ለአዳዲስ ድርጅቶች ፈቃድ እንዳይሰጥ አዘዙ። በአሜሪካ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 እገዳውን ካነሣ በኋላ ውርርድ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ተዛምቷል፤ በዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን ጨዋታ ስታዩ ማስታወቂያው ምን ያህል እንደሚደጋገም ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የፈቀዱት ሀገሮች መጀመሪያ ከፍተው ኋላ መልሰው ለመዝጋት ሲደክሙ እናያለን። እኛ የእነርሱን መጨረሻ መነሻችን ማድረግ እንችላለን።

ጋባዡን ያዙ ያልሁት ይህን ይዤ ነው። ጌታችን በዓለም ማሰናከያ መምጣቱ እንደማይቀር ተናግሮ፣ ወዮታውን ያደረገው ማሰናከያው በእርሱ ለሚመጣበት ሰው ነው (ማቴ. 18፥7)። ሕግም እያንዳንዱን ተወራራጅ አሳዶ ሊይዝ አይችልም፤ ሊይዝም አይገባውም። በስልኩ ትኬት የቆረጠን የ19 ዓመት ልጅ ማሰር ለእናቱ ሁለተኛ ኀዘን መጨመር ነው። ጋባዡን ግን መያዝ ይቻላል። ማስታወቂያው የሚያልፈው በታወቁ ጣቢያዎችና በታወቁ ሰዎች አንደበት ነው፤ ፈጽሞ ይከልከል። ገንዘቡ የሚያልፈው በታወቁ ባንኮችና በሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ነው፤ ለውርርድ ድርጅቶች ክፍያ እንዳያስተላልፉ ይደረግ። መንግሥት ይህን ሁሉ አላደርግም፣ በፈቃድ አስተዳድራለሁ የሚል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ዕድሜን በበር ላይ ወረቀት ሳይሆን በፋይዳ መታወቂያ ያረጋግጥ፤ በወር ሊያስይዙ የሚችሉትን ገንዘብ ይወስን፤ «እኔን አታስገቡኝ» ብሎ ራሱን ያስመዘገበ ሰው በሁሉም ድርጅቶች ዘንድ እንዲታገድ ያድርግ። ከሁሉ በላይ ከውርርድ የሚሰበሰበውን ግብር በበጀቱ የገቢ ተስፋ ውስጥ አያስገባው። ከሽንፈታችን ድርሻ የሚቀበል ጠባቂ ሽንፈታችን እንዲቀንስ ከልቡ ሊተጋ እንዴት ይችላል? ፈቃድ መስጠትን የምቃወምበት ዋናው ምክንያቴ ይህ ነው፤ ግብሩ በለመደ ቁጥር መዝጋቱ እየከበደ ይሄዳል።

ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ግን ልጁ ዛሬም በዶርማችን ነው። የሕክምና ባለሙያዎች ቁማርን መተው አለመቻልን ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጋር መድበውታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስፍሮታል። ስለዚህ «ተው» ብለነው ባይተው ንቀት አይደለም። ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ ጠበሉን ይጠመቅ፤ ከዚያም ሳያፍር የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወይም በግቢው ወዳለ የምክር አገልግሎት ይሂድ። መጽሐፈ ሲራክ ባለ መድኃኒትን አክብሩ ሲል (ሲራ. 38፥1) ይህን ሕመም ለይቶ አላስቀረም።

ለምትወዱት ጓደኛ ደግሞ እነዚህን አድርጉ። በዚህ ሳምንት ብር ሲጠይቃችሁ ብሩን አትስጡት፤ ወደ ምግብ ቤት ይዛችሁት ሂዱና አብራችሁት ብሉ። የቀድሞ ዕዳው እንዳለ ጠይቁት፤ ለስንት ሰው ስንት እንዳለበት በወረቀት ይጻፈው፤ ብዙ ጊዜ ጽፎት አያውቅምና ድምሩ ያስደነግጠዋል፤ ያኔ ተለይታችሁት አትሂዱ። ከተስማማ የኖን ካፌ ገንዘቡን የሚያምነው ሰው ይያዝለትና በየሳምንቱ ይቀበል፤ መተግበሪያውንም ከስልኩ አብራችሁ አጥፉት። ለእናቱ መናገር ያለበት እርሱ ራሱ ነው፤ ሲደውል ግን አጠገቡ ቁሙ። ጨዋታ ማየት አይከልከል፤ ቅዳሜ ማታ ብቻውን ዲኤስቲቪ ቤት እንዳይሄድ አብራችሁት ተመልከቱ፤ ሲያልቅም ለእሑድ ቅዳሴ በሌሊት እንድትቀሰቅሱት ቀጠሮ ይዛችሁ ተለያዩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።